የሐመልማል ክብደት

የብርድ ልብስ ፋብሪካው የጠዋት ፈረቃ ከመግባቱ በፊት ልጆች የሚውሉበት የዕድገት ቤት በሩ ይከፈታል። ትርሲት አድማጩን ከሹራቧ ኮሌታ ላይ ሰክታ ደጃፉ ላይ ትቆማለች። አድማጩ ከሸሚዝ ቁልፍ አይበልጥም። ቀኑን ሙሉ ዝም ብሎ ይሰማል። ወላጆች በደብረ ብርሃን ነፋስ ጆሯቸው እየቀላ ልጆቻቸውን እየጎተቱ ይመጣሉ፣ ግንባራቸውን ይስሟቸዋል፣ ወደ ፋብሪካው ይሮጣሉ።

"ጃኬትህን ላውልቅልህ?" ትላለች ትርሲት።

"እሺ" ያለው ይወልቅለታል። "አልፈልግም" ያለው ከነጃኬቱ ይገባል፤ ማሞቂያው አጠገብ ተቀምጦ ላብ ቢያጠምቀውም፣ ራሱ መጥቶ "አውልቂልኝ" እስኪል ድረስ ማንም አይነካውም። ልጅ አንድ ጊዜ ይጠየቃል፤ አንድ ጊዜ ይመልሳል፤ የመለሰው ይከበርለታል። ሁለተኛ መጠየቅ ጫና ይባላል። አድማጩ ጫና ሲሰማ "ጢን" ይላል፤ ጢን ያለበት፣ እንደ ትርሲት ልጅ ማሳደግ የሚማር የኮሌጅ ተማሪ፣ ስሙ በማግስቱ ኮሌጁ ሰሌዳ ላይ ይወጣል።

ደንቡ ከክፋት የመጣ አልነበረም። ቀድሞ ልጅ በግድ ይጎርስ ነበር፣ የማያውቀውን ሰው በግድ ይስም ነበር፣ እንቅልፍ ሳይመጣበት በግድ ይተኛ ነበር። ከዚያም በባሰ ጊዜ እናቶች ፈረቃ ሲገቡ ልጆቻቸውን የኪራይ ክፍል ውስጥ ቆልፈውባቸው ይሄዱ ነበር። ትርሲት ራሷ ተቆልፎባት ያደገች ናት። በበሩ ሥር የምትገባውን የፀሐይ መስመር እየተከተለች ወለሉ ላይ ስትዞር የዋለችበትን ዘመን አሁንም በሕልሟ ታየዋለች። የዕድገት ቤቶች ተከፍተው ያለ ሰርተፍኬት የሰው ልጅ መያዝ የተከለከለ ዕለት ከተማው ውስጥ ከተደሰቱት አንዷ እሷ ነበረች።

የሰው ልጅ ዕድገት ሰርተፍኬት የሚሰጠው ኮሌጅ ከተማሪ ገንዘብ አይቀበልም፤ ዕዳውን ይጽፋል። በመጨረሻው ዓመት ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ልጅ ይሰጠዋል፤ የምዘና ልጅ ይባላል። ዓመቱ ሲያልቅ ልጁ ሚዛን ላይ ይወጣል። ሚዛኑ የሚናገረው ልጁ አድጎ በዕድሜው ሙሉ ምን ያህል ገቢ ሊያገኝ እንደሚችል ነው። ከዚያ ገቢ ላይ ቅንጣት ታህል ድርሻ ላሳደገው ተማሪ ትታሰብለታለች። ድርሻዋ ዕዳውን ከደፈነች ተማሪው ሰርተፍኬቱን ይዞ ነጻ ይወጣል። ካልደፈነች ሰርተፍኬት የለም፤ ዕዳውም ከተማሪውና ከዋሱ ላይ ይቆረጣል። ልጁ ደግሞ ክብደቱን ይዞ ይሄዳል። ከባዶቹ ተራራው ላይ ወዳለው ትምህርት ቤት ይገባሉ፤ ቀላሎቹ ከፋብሪካው አጥር ጋር ወደተያያዘው።

የትርሲት የምዘና ልጅ ሐመልማል ትባላለች። ስድስት ዓመቷ ነው። ሁልጊዜ ከሁሉ ኋላ ትመጣለች፣ በሁለት እጇ ትጨብጣለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ "እንደምን አደሩ እትዬ" ትላለች።

"ጃኬትሽን ላውልቅልሽ?"

"ግድ የለም እትዬ።"

ሐመልማል እስከ ማታ ከነጃኬቷ ትውላለች።

*

ማክሰኞ ዕለት መዛኙ አቶ ናሆም ትርሲትን ቢሯቸው አስጠሯት። አቶ ናሆም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ፣ ወንበር ስበው የሚያስቀምጡ ሰው ናቸው። ግድግዳው ላይ የሐመልማልን የሙከራ ምዘና አሳዩአት። ቁጥር፣ ትውስታ፣ የጣት ቅልጥፍና፣ ሁሉም አረንጓዴ ነው። አንዱ ብቻ፣ የመጨረሻውና ትልቁ፣ ባዶ ነው።

"ልጅቷ ብልህ ናት" አሉ አቶ ናሆም። "የጎደላት ፍላጎት ነው። በተጠየቀች ቁጥር አልፈልግም ትላለች። ምሳ፣ መጫወቻ፣ ዥዋዥዌ፣ ምንም አትፈልግም። የማይፈልግ ሰው አይሠራም፤ የማይሠራ አያገኝም። ይህን እኔ አይደለሁም የምለው፤ የሺህ ልጆች ዕድሜ ተከትለው የደረሱበት ነው።"

"ከዐርቡ ምዘና በፊት ቢሻላትስ?"

"ዓመቱን ሙሉ አልተሻላትም። ይህ ክብደት የእርስዎን ዕዳ ሲሶውን እንኳ አይሸፍንም። እስከ ሐሙስ ማታ ልጅ መቀየር ይችላሉ። ያልተያዙ ልጆች አሉ፤ ጥሩ ጥሩ ልጆች።"

"እሷስ?"

"እሷማ ትመዘናለች። ክብደቷ ያው ነው፤ የእርስዎ ዕዳ ግን አይንጠለጠልበትም። ዋስዎንም ያስቡ።"

ኮሪደሩ ላይ ብዙነሽ ጠበቀቻት። ብዙነሽ የክፍል ጓደኛዋ ናት፤ በዚህ ዓመት ብቻ ሁለት ጊዜ ልጅ ቀይራለች።

"አንቺ፣ አሁንም ያቺን መነኩሲት ይዘሻታል?"

"ተይኝ ብዙዬ።"

"አልተውሽም። የእኔን አላየሽውም? የራሱን ምሳ ጨርሶ የእኔን ይቀማኛል። ትናንት ጫማዬን አውልቂና ስጪኝ አለኝ። ሚዛኑን ሊሰብረው ነው!"

"ሌባ ነው የሚሆነው ያንቺ ልጅ።"

"ሌባም ገቢ አለው እህቴ" አለች ብዙነሽ። ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ብዙነሽ ሳቋን አቋርጣ ክንዷን ያዘቻት። "የምሬን ነው። ጋሽ ኪሩቤልን አታስጨርሺያቸው።"

*

ጋሽ ኪሩቤል የትርሲት አጎት ነው። እንደ ዘመኑ ሽማግሌዎች ሁሉ መንፈሳዊ ስም አለው፤ ሰፈሩ ውስጥ ጋሽ ሩፋኤል፣ ጋሽ ያብስራና ጋሽ ናትናኤል የሚባሉ ጡረተኞች አብረውት ዳማ ይጫወታሉ። እሱ ግን ጡረታ አልወጣም። በከተማው ዳርቻ፣ ራሳቸውን የሚነዱት መኪኖች በማይደርሱበት ኮረኮንች ላይ፣ በእጅ የምትነዳ አሮጌ ባጃጅ አለችው። ትርሲትን ከተቆለፈው ክፍል አውጥቶ ያሳደጋት በዚያች ባጃጅ ነው። ኮሌጅ ስትገባ "ዋስ አምጪ" ሲሏት የሄደውም፣ የባጃጇን ሊብሬ ጠረጴዛቸው ላይ ያስቀመጠውም እሱ ነው።

አመሻሹ ላይ ቤቱ ስትደርስ የዳማውን ጠጠር እየሰበሰበ ነበር።

"ነይ ግቢ! ምን ያንቀጠቅጥሻል? ቁጭ በይ፣ ምስር ወጥ አለ።"

"ጠግቤያለሁ ጋሼ።"

"ምን በልተሽ?"

"እዚያው ሰጥተውናል።"

ከጠዋት ጀምሮ አንድ ነገር አልቀመሰችም። ጋሽ ኪሩቤል ግን አልሰማትም፤ ትሪውን አቅርቦ እንጀራውን ይዘረጋ ነበር።

"አፈር ስሆን! አንድ ጊዜ።"

"ኧረ በእውነት ጋሼ፣ እዚህ ድረስ ነው የጠገብኩት።"

"እኔ ልሙት! ባትበዪ እቀየምሻለሁ። ያውልሽ፣ እጅሽን ታጠቢ።"

ታጠበች። የመጀመሪያውን ጎረሰች፤ ሁለተኛውን ሳታላምጥ ዋጠችው። ሦስተኛውን ጠቅልላ ወደ አፏ ስታደርስ ቆመች። ጉርሻው በአየር ላይ ቀረ።

"ምነው? ጨው በዛ?"

"ጋሼ፣ ቅድም ጠግቤያለሁ ስልዎ አመኑኝ?"

"ምኑን?"

"መጥገቤን።"

ጋሽ ኪሩቤል ሳቀ። "ማን ያምናል! እስክለምንሽ ነው እንጂ። ቤት ያሳደገው ሰው እንደ ውሻ ዘሎ ይጎርሳል እንዴ?"

"ባይለምኑኝስ?"

"ተርበሽ ትሄጃለሽ። የእኔም ስም ይጠፋል።"

ትርሲት ጉርሻውን ትሪው ላይ መልሳ አስቀመጠችው። ዓመቱ በሙሉ በፊቷ አለፈ። የሰጠችው ዳቦ ሁሉ፣ "ግድ የለም እትዬ" ብላ ሐመልማል አንገቷን የሰበረችባቸው ቀኖች ሁሉ፣ እሷም እንደ ደንቡ ዳቦውን ይዛ ወደሚቀጥለው ልጅ የዞረችባቸው ጊዜያት ሁሉ። ልጅቷ ትራብ ነበር። ዓመቱን ሙሉ፣ በየቀኑ፣ ሁለተኛውን ጥያቄ ስትጠብቅ ነበር።

"እነዚያ ሰዎች መልእክት ላኩልኝ" አለ ጋሽ ኪሩቤል፣ ነገር ለማስቀየር ያህል። "የልጅቷ ክብደት አስጊ ነው፣ እስከ ሐሙስ ከዋስትና መውረድ ይችላሉ፣ መውረድ ይፈልጋሉ ወይ አሉኝ።"

"ምን አሏቸው?"

"አልወርድም። እነሱ ሁለቴ አይጠይቁም፤ እኔም ሁለቴ አልመለስኩም። ብዪ አሁን፣ በረደ።"

*

ረቡዕ ማታ የሐመልማል አባት አያልነህ ልጁን ሊወስድ መጣ። የፋብሪካው ብናኝ ቅንድቡ ላይ እንደ አመዳይ ተኝቷል። ትርሲት አድማጩን ነቅላ ቢሮ ውስጥ ተወችውና ከአጥሩ ውጭ ተከተለቻቸው። ሐመልማል ከፊታቸው ጠጠር እየመታች ትሄዳለች።

ትርሲት ነገሩን አስረዳችው። አያልነህ አንገቱን ደፍቶ ሰማ።

"እንግዲህ ልጄን ስግብግብ ላድርጋት ነው የሚሉኝ?"

"አይደለም። ዐርብ ዕለት ብቻ፣ አንድ ጊዜ፣ እፈልጋለሁ ትበል ነው።"

"መምህርት፣ እናቷ ከመሞቷ በፊት ያስተማረቻት ይህን ብቻ ነው። ሰው ፊት እጅ አይዘረጋም፤ እስኪለምኑሽ ጠብቂ፤ ሲሰጡሽ በሁለት እጅሽ ተቀበዪ፤ ያገኘሽውን ለታላቅ አቅምሺ። እኔ ሌላ ምን አወረስኳት?"

ትርሲት ቁጢጥ ብላ ሐመልማልን ጠራቻት።

"ሐመልማል፣ ዐርብ አንድ ሰው ብርቱካን ያሳዩሻል። ትፈልጊያለሽ ሲሉሽ፣ አዎ እፈልጋለሁ ትያለሽ። እሺ?"

ብርቱካን ከተወደደ ወዲህ የሰፈሩ ልጆች የሚያውቁት በሥዕል ነው። የሐመልማል ዓይኖች ፈጠጡ፤ ከዚያ ወደ አባቷ ዞሩ።

"ነውር ነው እትዬ።"

"እትዬ ያለችሽን ስሚ" አለ አያልነህ። ድምፁ እሺ ይላል፤ ፊቱ ግን አይልም። ሐመልማል ያየችው ፊቱን ነው። ተመልሳ ወደ ጠጠሯ ሄደች።

ጥቂት ተራመዱ። ነፋሱ የፋብሪካውን የሱፍ ሽታ ይዞ መጣ።

"ቀይሯት መምህርት" አለ አያልነህ። "የአጎትዎን ነገር ሰምቻለሁ። ቅር አይለንም። እኔም ያደግኩት እዚሁ አጥር ሥር ነው፤ እሷም ትደግበታለች። ምንም አይደል።"

ከትናንት በፊት ቢሆን ኖሮ ትርሲት አመስግና ትመለስ ነበር። አሁን ግን ቆመች።

"እውነትዎን ነው?"

አያልነህ መንገዱን አየ። የልጁን ጀርባ አየ። ከንፈሩን ነከሰ።

"አይደለም" አለ።

*

ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ሞከረች። አድማጩ ኮሌታዋ ላይ ስላለ ሁለቴ መጠየቅ አትችልም። ስለዚህ ልጆቹን ሁሉ ሰብስባ ጨዋታ ፈጠረች፤ አንዱ ነገር ያሳያል፣ ሌላው "እፈልጋለሁ!" እያለ ዘሎ ይወስዳል። ልጆቹ ወደዱት፤ ቤቱ በጩኸት ተሞላ። የብዙነሽ ልጅ የሌላውን ተራ ሁሉ ወሰደ። የሐመልማል ተራ ሲደርስ እጆቿን ከኋላዋ አጣምራ፣ "ለሱ ይሁንለት" አለች።

ልጆቹ ከሄዱ በኋላ የክፍሉ ስክሪን በራ። የምዘና ልጅ መቀየር ይፈልጋሉ?

ትርሲት ስለ ባጃጇ አሰበች። ስለ ጋሽ ኪሩቤል ጉልበት አሰበች፤ ያለ ባጃጅ በዚያ ኮረኮንች ላይ እንዴት እንደሚሄድ። ያለ ሰርተፍኬት ከሰኞ በኋላ የዚህን ቤት ደጃፍ እንኳ እንደማትረግጥ አሰበች። እጇን ሹራቧ ኪስ ውስጥ ከተተች፣ አወጣች፣ መልሳ ከተተች። ስክሪኑ አይቸኩልም። አይለምንምም።

"አልፈልግም" አለች።

ስክሪኑ ጠፋ።

*

የምዘናው ክፍል ነጭ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ አንዲት አረንጓዴ መብራት። መብራቷ በርታ እስካለች ድረስ ልጁ ሐሳቡን መለወጥ ይችላል። ስትጠፋ የተናገረው ይጸናል። ተማሪዋ ጥግ ላይ ትቀመጣለች፤ ቃል መተንፈስ አትችልም። የሷ ቃል የልጁን ምዘና አያበላሽም፤ ልጅ በአዋቂ ጥፋት አይቀጣም። የሚያበላሸው የራሷን ነው።

አቶ ናሆም ብርቱካኑን ከመሳቢያ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ክፍሉ ወዲያው በሽታው ተሞላ። የሐመልማል አፍንጫ ተንቀሳቀሰ።

"ሐመልማል፣ ይህን ብርቱካን ትፈልጊያለሽ?"

ሐመልማል ዓይኗን ጣለች። ትርሲት ጥፍሯን መዳፏ ውስጥ ቀበረች። አሁን በይው። አሁን።

"ግድ የለም ጋሼ፣ ይቅርብኝ።"

አቶ ናሆም አልተንቀሳቀሱም። ደንቡ መብራቷ እስክትጠፋ እንዲጠብቁ ያዛቸዋል። ግድግዳው ላይ ክብደቷን የምታሳየው መስመር ከታች ወለሉ ላይ ተኝታለች። ሐመልማል ምራቋን ስትውጥ ተሰማ። ከሥር ከሥር ብርቱካኑን አየችው፤ ከዚያ አቶ ናሆምን አየች፤ ጠበቀች። ሰው ሁሉ የሚያደርገውን እስኪያደርጉ ድረስ በትዕግሥት ጠበቀች። አቶ ናሆም ግን እንደ ግድግዳው ነበሩ።

ሐመልማል ቀስ ብላ ዞራ ትርሲትን አየቻት።

ትርሲት ያንን አስተያየት ታውቀዋለች። ከተቆለፈ በር ኋላ ሆኖ ኮቴ የሚያዳምጥ ልጅ አስተያየት ነው። ሰው በደጃፉ አልፎ ይሄድ ይሆን፣ ወይስ ይቆም ይሆን።

አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች።

"በሞቴ ሐመልማል!" አለች ትርሲት።

ጢን።

"አፈር ስሆን፣ ውሰጂ የኔ እናት።"

ጢን።

የሐመልማል ፊት እንደ ጥዋት ደጅ ቦግ አለ። ሁለት እጇን ዘረጋች፣ ብርቱካኑን አነሳች፣ ደረቷ ላይ አቀፈችው። ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ማንም ያላየውን አደረገች። በጥርሷ ነክሳ ላጠችው፣ ጭማቂው በአገጯ እየወረደ ከንፈሯን እየላሰች በላች፣ እየበላች "ጣፋጭ ነው! ሌላም አለ? አባቴም ይወዳል፣ ፍሬውን ብንተክለው ይበቅላል? እኔ ሳድግ ብዙ እተክላለሁ፣ ተራራው ላይ ሁሉ!" አለች። ግድግዳው ላይ ያለችው መስመር ተነሳች። አቶ ናሆም ቀና ብለው አዩዋት። መስመሯ አልቆመችም፤ ጣሪያው ጋ ልትደርስ ምንም ሳይቀራት መብራቷ ጠፋች።

ሐመልማል ከቀረው ላይ ትልቁን ክፋይ ገንጥላ ለአቶ ናሆም ዘረጋች። ክፍሉ ውስጥ ታላቁ እሳቸው ናቸው።

"ይብሉ ጋሼ።"

"አመሰግናለሁ፣ ይቅርብኝ።"

"በሞቴ!" አለች ሐመልማል።

አቶ ናሆም ክፋዩን ተቀበሉ። ከዚያ የት እንደሚያደርጉት ግራ ገባቸው፤ ጭማቂው በጣቶቻቸው መሃል እየተንጠባጠበ ያዙት።

*

አያልነህ ልጁን ይዞ ሄደ። በሩ ላይ ክብደቷን ሲነግሩት ግድግዳውን ይዞ ቆመ፤ ከዚያ ትርሲትን ሊጠይቃት ዞረ። እሷ ግን እጇን አወዛወዘችለት፤ ሂዱ፣ ሂዱ። ሳይመሽ ሁለት ተማሪዎች ባለቤት ያጣችው የሐመልማል ድርሻ ለነሱ እንድትታሰብ አመለከቱ። አንዷ ብዙነሽ ነበረች።

አቶ ናሆም ትርሲትን አስቀመጧት። ጠረጴዛው ላይ የብርቱካን ልጣጭ አለ። ፊታቸው ደክሟል።

"ምዘናው ለልጅቷ ይጸናል። ለእርስዎ ግን..." አሉ፤ ሳይጨርሱት ተዉት። "ሁለት ጫና ተመዝግቧል። ሰርተፍኬት የለም። ዕዳው ሰኞ ይጀምራል።"

"ገብቶኛል።"

"ደንቡ የሚፈቅድልዎ አንድ ነገር አለ።" ድምፃቸው ትንሽ ተለወጠ፤ በግልጽ፣ እያንዳንዱን ቃል እየለዩ ተናገሩ። "ይግባኝ ይፈልጋሉ?"

ትርሲት ያየችው ድካማቸውን ነው። በሷ ምክንያት ስንት ወረቀት እንደሚጽፉ፣ ከበላዮቻቸው ጋር እንደሚጨቃጨቁ አየች። ጋሼ የሚባሉ ሰው ናቸው። ምላሷ ከሐሳቧ ቀደመ።

"ኧረ ይቅር፣ አላስቸግርዎ።"

ከጠረጴዛው ሥር ያለው መዝጋቢ ቀጭ አለ፤ መልሷ ተመዘገበ።

ትርሲት ጠበቀች። አቶ ናሆምም አዩአት። አፋቸው ተከፈተ። ምን ሊሉ እንደሆነ ታውቃለች፤ ምን ችግር አለው፣ ግድ የለም ይጠይቁ፣ እኔ አለሁ። ሰው ሁሉ የሚለውን። እሳቸውም ኮሌታቸው ላይ የሰኩት አድማጭ ከከንፈራቸው በታች ያብረቀርቃል። የብርቱካኑ ክፋይ አሁንም እጃቸው ውስጥ ነው፤ ሳይበሉት ሞቆ ለስልሷል።

አፋቸው ተከደነ።

"ደህና ይሁኑ" አሉ።

*

ጋሽ ኪሩቤል ባጃጇን ከአጥሩ ውጭ አቁሞ ይጠብቃት ነበር። መልእክቱ ቀድሟት ደርሷል፤ ስልኩ ከመሪው አጠገብ ተገልብጦ ተቀምጧል። ትርሲት ከኋላ ሳይሆን ከጎኑ ጠበብ ብላ ተቀመጠች። እሱም ሞተሩን አስነስቶ እስከ ኮረኮንቹ መጀመሪያ ድረስ ነዳ፤ እዚያ አቆመ።

"ባጃጇን መቼ ይወስዷታል?" አለች።

"ሰኞ።" መሪውን በመዳፉ ጠረገ። "ልጅቷስ?"

"ተራራው ላይ ትገባለች።"

"እሰይ።"

ከመቀመጫው ሥር የጭኮ ዕቃ አወጣ። ክዳኑን ከፈተ፤ የገብስና የቅቤ ሽታ ብርዱ ላይ ወጣ። ወደ እሷ አስጠጋው።

"ብዪ።"

"ጠግቤያለሁ ጋሼ።"

በዚህ ጊዜ እውነቷን ነበር። ባጃጇን አስወስዳበት ከእጁ ምን ትበላለች?

ነፋሱ የባጃጇን ሸራ መታው። ሽማግሌው ኮሌታዋ ላይ ያለውን ነገር አየ፤ ስትወጣ መመለስ ረስታዋለች። ትንሿ ቁልፍ ዝም ብላ ትሰማለች።

"አፈር ስሆን" አለ።

ጢን።

ትርሲት ልትነቅለው እጇን አነሳች። ጋሽ ኪሩቤል እጇን ያዘው።

"ተያት፣ ትስማ" አለ። "ትርስቴ፣ እኔ ልሙት። አንድ ጊዜ ብቻ።"

ጢን አለች። ትርሲት እጇን ወደ ዕቃው ሰደደች።